ሆዴ ውስጥ ስለነበረው ውሃ

መርሳ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

ውድ ሂሻም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። «ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው። በዚህ ሳምንት ስድስት ጊዜ ደውለህ አላነሳሁም። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እንደምለሳለስ ራሴን አውቀዋለሁ፤ አንዴ «ናጁ» ካልከኝ የያዝኩት ነገር ሁሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ትናንት እናትህ እትየ መሪማ መጥተው ነበር። ብርቱካን በፌስታል ይዘው፣ አዲሱን ሻሻቸውን አስረው። ገና ከመቀመጣቸው «አልሃምዱሊላህ! ውሃ መሆኑ በሐኪም ወረቀት ተረጋገጠ እኮ! ሂሻምም ለመጪው ጁምዓ ሽማግሌ ልላክ ይላል» አሉኝ። ቆሽቴ አረረ። አገሩ ሁሉ ሲናደድ እንዲህ ይላል፤ የኔ ግን ቆሽቴ የምሩን ስለተጎዳ ሳልፈልገው ሳቄ መጣ። እሳቸው ደስ ያለኝ መስሏቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

መልሴን ከመስማትህ በፊት ነገሩን ከመነሻው ልንገርህ። መነሻውን እንኳ ታውቀዋለህ። እንዲያውም ከአላህ በታች ከኔ ሌላ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነበርክ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

አረፋ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ግራና ከተማ ገበያ ውዬ ወደ መርሳ መመለሻ ሳጣ ባጃጅህን አየሁ። ኋላው በሽንኩርት ኬሻ ሞልቷል። «ነይ፣ እዚህ ጠጋ በይ» አልከኝ፤ ያን ላንተም የማይበቃ የሾፌር ወንበር እያሳየህ። «ሰው ያየናል» ስልህ «ሻሽሽን ወደ ፊት ሳብ አድርጊው» አልክ። ኒካሃችን ለመውሊድ ማግስት ተቆርጦ ነበር፤ ሦስት ወር መታገሥ አቅቶን ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጥጃ ገባብህ፣ መሪውን ጠመዘዝከው፣ ባጃጁ ቦዩ ውስጥ ተቀረቀረ፤ የመሪው ጫፍ ደግሞ ከእምብርቴ በላይ ገባ። ትንፋሼ ተመልሶ እስኪመጣ ሽንኩርት ላይ ተኝቼ ሰማይ አያለሁ። አንተ አጠገቤ ተንበርክከህ ምን አልከኝ? «ተጎዳሽ ወይ» ነበር የጠበቅኩት። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። እናቴ ካወቀች ኒካሁ ቀረ ማለት ነው» አልከኝ።

እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ። ፈጀውም።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጀርባዬ ድረስ ዘለቀ፣ የበላሁት ሁሉ ይመለሳል። እናቴ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ያለው ልጅ በደንብ ጠየቀኝ፤ እሱን አላማውም። «ሆድሽ ላይ የተመታሽው ነገር አለ?» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ያለኔ ማንም የላት፤ «ከሂሻም ጋር ባጃጅ ላይ ተቃቅፈን ስንመጣ» ብዬ እንዴት ልንገራት? «ኧረ የለም» አልኩ። ካልተመታች ጨጓራ ነው ተባለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጨጓራ ኪኒን እየዋጥኩ የተጨፈለቀ ቆሽት ተሸክሜ ዞርኩ። ሲብስብኝ ወልድያ ሄድን።

ወልድያ ዶክተር ደሳለኝ የሚባል ሐኪም አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ እያሽከረከረ ቆየና እናቴን «እማማ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አሁን ማንም የለም። ምን መታሽ?» አለኝ። ለእናቴ ያልነገርኳትን ለማላውቀው ሰው ዘረገፍኩለት፤ ስምህን ግን አልጠራሁም።

እሱም አስረዳኝ። ቆሽት ማለት ከጨጓራ ኋላ አከርካሪው ላይ የተጋደመ፣ ምግብ የሚፈጭ ውሃ የሚያመነጭ አካል ነው። መሪው ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ጨፍልቆታል። ከውስጡ የፈሰሰውን ውሃ ሰውነቴ እንዳይዛመት ዙሪያውን እያጠረው ነው። «ታዲያ አውጡልኛ!» አልኩት።

«አሁን አይነካም» አለኝ። «ያጠረው ግድግዳ ገና እርጥብ ጭቃ ነው፤ ብሰፋው ክሩ ቆርጦት ይወጣል። ከተመታሽበት ቀን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይሙላው። ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ከጠፋ ጠፋ፤ ካነሰና ካላስቸገረሽም ማንም አይንካው። እያደገ ከሄደና ምግብ አላሳልፍ ካለሽ ግን፣ ያኔ በጨጓራሽ የኋላ ግድግዳ በኩል በር እከፍትለታለሁ። ውሃው ወደ ጨጓራሽ ይፈስና ከምግብሽ ጋር ይሄዳል። መስከረም ሲጠባ ነይ።»

«በመርፌ ቢመጠጥስ?»

«ያን እንዳታደርጊ! እንዲሁ ከውጭ በመርፌ የተወጋ እንደሆነ ወይ ይመግላል፣ ወይ ተመልሶ ይሞላል፣ ወይ ቀዳዳው አልዘጋ ብሎ ሲያንጠባጥብ ይኖራል። ትኩሳት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ወይ ደም ካስመለሰሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፤ ሩጪ።»

ሩጪ አለኝ። አሥር ቀን ሳይሞላ ወልድያ ተያዘች፣ ወዲያው እኛም። እሱም ሄደ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ወዴት እንደምሮጥ የሚነግረኝ ሰው አልቀረም።

አንተ የሄድክባትን ጧት ታስታውሳታለህ? ወጣቱ ሁሉ ወደ ደሴ ሲወጣ ባጃጅህን አስነስተህ በራችን ላይ ቆምክ። እናቴ ውስጥ ስለነበረች በሹክሹክታ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኩህ፤ ቆሽቱን፣ ውሃውን፣ ስድስት ሳምንቱን። «አብሽሪ፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ» አልክ። ይህን የምጽፈው አላውቅም ነበር እንዳትለኝ ነው። ታውቅ ነበር።

ቀኑን ብቻዬን ቆጠርኩ። ብቻዬን እንኳ አይደለም፤ ጎረቤታችን ሲስተር እታፈራሁ ነበረችልኝ፣ አላህ ውለታዋን ይክፈላት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ዕቃ ሁሉ ተዘርፎ ሲጫን አንድ ቴርሞሜትር ከሻሿ ሥር ደብቃ አምልጣ ነበር። ማለዳ ማለዳ መጥታ በብብቴ ትሰካዋለች፣ ዓይኔን ገልባ ታያለች፣ የሰገራዬን ቀለም ሳይቀር ትጠይቀኛለች። የሆዴን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ትለካኛለች። «ትኩሳት እስካልመጣ ድረስ ጊዜው ያንቺ ነው፣ ይጠንክር ተይው። ከመጣ ግን በቃሬዛም ቢሆን ጦርነቱን አቋርጠን እንወጣለን» ትለኝ ነበር። በየት በኩል እንደምናቋርጥ እሷም አታውቅም።

መስከረም ጠባ። ስድስቱ ሳምንት ካለፈ ቆይቷል፣ ግድግዳው ደርቋል፣ በር የሚከፍትለት ሰው ግን የለም። ይሄ እንዴት እንደሚያበግን ልነግርህ አልችልም። አትንኩት በተባልኩ ጊዜ ሐኪም ነበር፤ ይነካ ሲባል ሐኪም የለም! ውሃው ግን ጦርነት አላወቀም፤ ማደጉን ቀጠለ። ፊቴ መነመነ፣ ክንዴ ዱላ መሰለ፣ ከእምብርቴ በላይ ያለው ግን ቀሚሴን ገፍቶ ወጣ። ሁለት ማንኪያ አጥሚት ስጠጣ ጨጓራዬ ይሞላል፣ ሦስተኛው ይመለሳል።

እንግዲህ አስበው። ያልተዳረች ልጅ፣ ከተማው በወታደር ተይዟል፣ ጧት ጧት ታስመልሳለች፣ ሆዷ እያደገ ነው። ሰው ምን ይበል? መጀመሪያ ውሃ ቀጂዎቹ ሲያዩኝ ዝም ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ አንዷ «አይዞሽ እህቴ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። ለደግነቷ ነው፤ እኔ ግን ጥፊ መሰለኝ። «የባጃጅ መሪ መትቶኝ ነው፣ ውሃ ነው» እላለሁ። «እሺ፣ ውሃ ነው» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ሰብረው።

ወሬው እናትህ ዘንድ ሲደርስ ከአጎትህ ከጋሽ ዓሪፍ ጋር መጡ። መጥፎ ሰዎች ናቸው አልልም፤ ፈርተው ነው የመጡት። በደህናው ጊዜ ቢሆን ነገሩ በመንደሩ ዕድር፣ በቅሬው ሽማግሌ ይታይ ነበር፤ ያኔ ግን ማን ይሰብሰብ? እትየ መሪማ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ በመሪው ተመታሁ ነው የምትዪው? የማን ባጃጅ ነው?»

ቃሌን ጠበቅኩልህ ሂሻም። ስምህን ብጠራ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። «የሚያውቅ ሰው አለ፤ ሂሻምን ጠይቁት» ብቻ አልኳቸው። አንተው እንድትናገረው ፈልጌ ነበር። ባሌ የሚሆነው ሰው ራሱ ይናገር አልኩ፣ ጅል።

ጨው ነጋዴዎች በእግር በተራራው ዞረው ደሴ ይደርሱ ስለነበር በአንዱ ላኩብህ። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅኩ፤ ከስድስቱ ሳምንት ይልቅ የረዘመው እሱ ነው። ነጋዴው ተመለሰና በእናትህ፣ በአጎትህና በእናቴ ፊት ቃልህን አደረሰ፦ «እኔ የማውቀው ነገር የለም ብሎኛል።»

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመርክም። ሰውዬውን «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሁለቴ ያንኑ ደገመልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የመርፌው ነገር የመጣው። ጋሽ ዓሪፍ ከግራና ወዲያ ድሮ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ የነበሩ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምተዋል፤ ትልቅ መርፌ አላቸው። «ውሃ ከሆነ በሁላችን ፊት ይወጣል፣ ስምሽም ይነጻል፣ ሕመሙም ይቀልልሻል። ውሃ ካልሆነ ደግሞ እናውቀዋለን» አሉ። ለጁምዓ ማግስት ተቀጠረ። እውነቱን ልንገርህ? እሺ ብዬ ነበር። ሐኪሙ የነገረኝ ሁሉ እንደ ቁርዓን በቃሌ አለ፤ ይመግላል፣ ያንጠባጥባል፣ ይሞላል። ግን ሰው ሲጠላህ ሆድህ ይመግል አይመግል ምን ያሳስብሃል? ያን ውሃ በሳህን አድርጌ ከቤት ቤት እየዞርኩ ላሳያቸው ተመኝቼ ነበር።

ሽማግሌው መጡ። ሰሌን ላይ ተኛሁ። እናትህ ራስጌዬ፣ አጎትህ በር ላይ፣ እናቴ ጥግ ላይ ፊቷን ሸፍና። ምንም አልተናገረችም፤ እንዲያ ዝም ማለቷ ከሁሉ በላይ አንገብግቦኛል። ሽማግሌው ሆዴን በአረቄ ጠረጉት። የመርፌው ርዝመት ጣቴን ያክላል።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ውሃው ከወጣ በኋላ ቀዳዳውን በምን ይዘጉታል?»

«በአላህ ፈቃድ ይዘጋል፣ ልጄ።»

«ከመገለስ?»

«እሱን አላህ ያውቃል።»

«ትኩሳት ቢይዘኝ የት ይወስዱኛል? ሐኪም ቤት አለ?»

ዞር ብለው አጎትህን አዩ። ደግ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ከዚያ በፊት ሰው ሳይደግፈኝ አልነሣም ነበር። «እትየ መሪማ፣ ይቅር ይበሉኝ። የእናንተ ልብ እንዲያርፍ ብዬ ሆዴን አላስበሳም። እርግዝና ነው የምትሉም ከሆነ ዘጠኝ ወር ቆጥራችሁ ጠብቁ» አልኳቸው። እናትህ «ካልሆነማ ነገሩ ታወቀ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። ኒካሁም በዚያው ፈረሰ። መውሊድ ሲደርስ አጥሚቴን እያስመለስኩ ነበር።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍልህ። በኅዳር አንዲት ልጅ ቤታችን መጣች። ስሟን አልጽፍም፣ ብጽፈውም አታውቃትም። እናቴ በሌለችበት ሰዓት ነው የመጣችው። አጠገቤ ተቀመጠችና ሆዴን አየች፣ ከዚያ የራሷን በነጠላዋ ሸፈነችና ቀስ ብላ «የአንቺ ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ።

ሂሻም፣ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «የኔ ውሃ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። «ወላሂ ልጅ አይደለም! ውሃ ነው! በአልትራሳውንድ ታይቷል!» የምትነካካኝ ያህል ወደ ግድግዳው ሸሸሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «እሺ፣ አብሽሪ» አለችኝና ተነሥታ ሄደች። እሷ እኔን አጽናናችኝ። የመጣችው የሚመስላት ሰው ፍለጋ ነበር፤ እኔ ግን ስሜን አተርፍ ብዬ በሯን ዘጋሁባት። ዛሬም ሳስበው ፊቴን የማስገባበት አጣለሁ። ደጇ ድረስ ሁለቴ ሄጄ ነበር። ዘመድ ጋ ሄዳለች አሉኝ፤ የትኛው ዘመድ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ዶክተር ደሳለኝ ወልድያ ተመልሶ በተዘረፈ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ አገኘሁት፤ አልጋ የለም፣ መቀስ የለም። ሆዴን በእጁ ነካ አድርጎ «ሳትነኪው አቆየሽው?» አለኝ። «ለመቼ ላቆየው ነበር?» ብዬ ተቆጣሁት፤ የመቆጣት መብት ያለኝ እሱ ላይ ብቻ ይመስል። ቁጭ ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚልከኝን ወረቀት ጻፈልኝ። ሲስተር እታፈራሁ በአይሱዙ ጋቢና ደግፋ አደረሰችኝ። እዚያ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ሳይቀድዱ የሚሠሩም አሉ፣ ተራው ግን ለወራት ነው አሉን፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሆኛለሁ። በጥር ቀደዱኝ። የጨጓራዬን የፊት ግድግዳ ከፍተው፣ በኋላው በኩል ለውሃው በር አበጁለትና ዙሪያውን ሰፉት። ሁለት ሊትር ተኩል ወጣ። ሐኪሙ በማግስቱ «ግድግዳው እንደ ቆዳ ጠንክሮ ነበር፤ ስፌቱ ጥሩ ይዟል። በመርፌ ነካክተሽው ቢሆን ይሄን አላገኝም ነበር» አለኝ። በአራተኛው ቀን ቅንጬ በላሁ። ሙሉ ሳህን፣ ሳይመለስ። አለቀስኩ።

ይኸው አሁን እናትህ ወረቀቱን አይተው መጡ። አንተም ሽማግሌ ልትልክ ነው። ትናንት እሳቸው ከሄዱ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ልጅ ቢሆንስ ኖሮ? ያ ሆዴ ውስጥ የነበረው ያቺ ልጅ የተሸከመችው ዓይነት ቢሆንስ? ያኔም አንተ ሽማግሌ ትልክ ነበር? አትልክም። እሱን ተወው፤ ውሃ መሆኑን እያወቅክስ አልላክህም። የወረቀት ማኅተም ነው ስትጠብቅ የነበረው።

ዛሬ ጧት እናቴ በርበሬ ስትቀነጥስ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ባጃጁን፣ ሽንኩርቱን፣ የሾፌሩን ወንበር፣ ያስማልከኝን፣ ሁሉንም። ትመታኛለች ብዬ ነበር። የያዘችውን በርበሬ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ሁሉ ወር የሂሻም ባጃጅ ኖሯል?» አለችኝ።

«አዎ እማየ። ውሃ ነው እያልኩሽ አልነበር?»

«ብለሽኛል። እኔ ግን አላመንኩሽም፤ ልጅ መስሎኝ ነበር።» በርበሬዋን መቀንጠስ ጀመረች። «ያ መርፌ የመጣ ቀን ልጁን ይነካብኛል ብዬ ልቤ ሊቆም ነበር። ብከለክል ደግሞ አመነች ይሉሻል። የአባትሽን ጋቢ ቀድጄ ለመጠቅለያው አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ አለልሽ። ‹የልጅ ልጄ ነው፣ ያልወደደ ደጄን አይርገጥ› ልላቸው ነበር።»

እናቴ አላመነችኝም ሂሻም፣ አንድም ቀን። ሳታምነኝ ነው አምስት ወር ሙሉ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣችኝ። አንተ ግን አውቀህ ነው የተውከኝ።

ስለዚህ ለጁምዓ ማንንም አትላክ። ሽማግሌዎቹን በከንቱ አታድክም። አላህ ደግ ሰው ይስጥህ፤ ሲሰጥህ ግን መስካሪ ሁንላት። ከላክህም በሩን የምትከፍተው እናቴ ናት፤ ባጃጁ የማን እንደነበረ አሁን ታውቃለች።

ናጅዋ